ዓሣውን የሚበላ ለዓሣው ይክፈል

ባለፈው ነሐሴ ነው። ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት፣ ሰው ሁሉ ወደ ዶሮና ሥጋ ሲሮጥ፣ እኔ ዓሣ አማረኝና ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሻጩ ልጅ አንድ ደህና ነጭ ዓሣ አነሳና ሆዱን ሰነጠቀው። እንቁላል ዝርግፍ አለ። እፍኝ ሙሉ ቢጫ እንቁላል። ልጁ በቢላው ጫፍ ጠርጎ ጣለው፤ ወፎቹ ተሻሙበት። ሁለተኛውን ሰነጠቀ፤ እንቁላል። ሦስተኛውንም።

«ሁሉም እንዲህ ናቸው?» አልኩት።

«ወቅቱ ነዋ! አሁን እኮ ነው በደንብ የሚያዘው» አለኝ ደስ ብሎት።

ሁለት ኪሎ ገዝቼ ገባሁ። ባለቤቴ ጠበሰችው፣ ከልጆቹ ጋር በላነው። ማታ ላይ ግን ያ ቢጫ እንቁላል ከዓይኔ አልጠፋ አለ። እዚያ እፍኝ ውስጥ ስንት ዓሣ ነበር? ያጠፋውስ ማን ነው? አስጋሪው ብቻ ነው? ብሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ሳብላላው ቆየሁ፤ ዛሬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ነጭ ዓሣ ትንሽ ልበል፤ ብዙዎቻችን እየበላነው አናውቀውም። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ተመራማሪዎች በጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ቆጥረውለታል፤ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ በዓለም ላይ የትም የሉም። ምክንያቱ ጢስ ዓባይ ነው። ከ40 ሜትር ከፍታ የሚወረወረውን ያን ፏፏቴ ከታች ያለ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሣ ለሺዎች ዓመታት ከዘመዶቹ ተለይቶ፣ በራሱ መንገድ ሄዶ፣ በራሱ መልክ ተከፋፈለ። አንዱ ጭቃ ውስጥ ትል ይለቅማል፣ ሌላው ሣር ይበላል፣ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ናቸው። በዚህ ወገን ዓሣ ዘንድ ይህ ብርቅ ነገር ነው ይላሉ የሚያውቁት፤ አፋቸው ውስጥ ጥርስ እንኳ የላቸውም።

የነጭ ዓሣ ጣጣው ግን አወላለዱ ላይ ነው። ቆሮሶ፣ ያ ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ፣ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ ደንገልና ሣር ካለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ካገኘች ይበቃታል። ብዙው ነጭ ዓሣ ግን ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ይወጣና ወንዙን ሽቅብ ይዞ ንጹሕ ጠጠር ያለበት ድረስ ይሄዳል። በእኛ በጎጃም በኩል ግልገል ዓባይ፣ በጎንደር በኩል ጉማራና ርብ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከዚያም አልፎ፣ ለመውጣት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው፣ ገበያ መግቢያው ላይ ቆሞ አላፊውን ሁሉ እንደሚለቅም ማለት ነው። የሚያዘው ደግሞ እናቱ ናት። ነጭ ዓሣ ቶሎ የሚያድግ፣ ቶሎ የሚተካ ዓይነት አይደለም። አንዷን ትልቅ እናት ዛሬ ካወጣሃት ምትኳን ለማየት ብዙ ዓመት መጠበቅ አለብህ።

ድሮ ታንኳ ነበር። ከደንገል የታሠረች፣ ከዳር ብዙ የማትርቅ። የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው የታንኳ ጥበብ ባለቤቶች፤ እነሱ ጉማሬም ያድኑ ነበር። በፈረንጅ 1986 አካባቢ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ። ክፋት አልነበረም ያመጣው፣ ገበሬው ገቢ እንዲያገኝ፣ ከተማው ዓሣ እንዲበላ ተብሎ ነው። ሆነም። ግን ጀልባው ወንዙ አፍ ድረስ ደረሰ። በፈረንጅ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ሐይቁን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ያስደነግጣል፤ ለመራባት ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሣዎች ብዛት በ75 በመቶ ያህል ቀንሷል፣ የታዳጊዎቹ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ። አሥር ዓመት ነው ያልኳችሁ። አንድ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ተነስቶ አሥረኛ እስኪደርስ።

አጎቴ ጣና ዳር ባለችው ቁንዝላ አካባቢ ነው የሚያሰግረው። ያ ቢጫ እንቁላል ቢያስቸግረኝ መስከረም ላይ ሄድኩና ጠየቅሁት። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የተቀደደ መረብ ይጠግን ነበር።

«አያ፣ በክረምት ወንዝ አፍ ላይ መጣሉን ቢተዉትስ?» አልኩት።

ቀና ብሎም አላየኝ። «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይጥልበታል» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «አንተ ልጅ፣ ከተማ ከገባህ ነሐሴ ምን እንደሆነ ረሳኸው። ጎተራው ባዶ ነው። በቆሎው ገና እሸት ነው፣ ዳጉሳው ሜዳ ላይ ነው። መስከረም ሲጠባ ደብተር የሚሉ ሦስት ልጆች አሉኝ። በነሐሴ ምን ልብላ? ይህን የሚነግረኝ ሰው እስኪመጣ መረቤን እጥላለሁ።»

የምመልሰው አጣሁ። ነገሩን ሁሉ ያስረዳኝ ያ ንግግሩ ነው። ዓሣው የሚወልድበት ወርና የሰው ጎተራ የሚራቆትበት ወር አንድ ሆነው ተገጣጥመዋል። እናቲቱ ዓሣ ሆዷ ሙሉ ሆኖ ወንዝ አፍ ላይ ስትደርስ፣ የአጎቴ ቤት ሆዱ ባዶ ነው። ይህን ግጥምጥሞሽ ያላየ ዐዋጅ ምንም ቢጻፍ ወረቀት ነው።

ዐዋጅ የለም እንዳትሉኝ። አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ዐዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ክልሉም የራሱ አለው። ያለ ፈቃድ አታስግር ይላል፣ በመርዝ አታስግር ይላል። ግን ወንዝ አፍ ላይ ነሐሴ ሌሊት ማን ይቆማል? የሚቆመው ሰው ጀልባ ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ደመወዝ ይፈልጋል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ሰላሙም ስለራቀን እንኳን ለዓሣ ለሰውም የሚደርስ አልተገኘም። አንዳንዱ ከወንዙ ወደ ላይ ወጣ ብሎ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ ይበትናል። ብርብራ የገባበት ውሃ ትልቅ ትንሽ አይልም፣ ጫጩቱም ደንዝዞ ይንሳፈፋል። አጎቴ እንኳ ይህን ሲሰማ ያማትባል። «መረብ ቢያንስ ዓይን አለው» ይላል።

አሁን ወደ አያቴ ልውሰዳችሁ፤ በእናቴ በኩል ያለው፣ የደጀን ቆላ ሰው። አዳኝ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ እሱ አርጅቶ፣ ማታ ማታ እሳት ዳር የዓባይን በረሃ ያወራልኛል። አጋዘን ቀንዱን ተሸክሞ ገደል ለገደል ሲሄድ፣ ድኩላ ከጫካው ጥግ ብቅ ሲል፣ ሰስ ከድንጋይ ድንጋይ ስትዘል። ቆቅና ጅግራማ እንደ ዶሮ ነበር ይለኛል። በዚያ ዘመን አውሬ የገደለ ሰው ይፎከርለታል፣ ሠርግ ላይ ቦታ አለው። አንድ ቀን ጠየቅሁት፤ «አባባ፣ እኔንም ይወስዱኛል?» ዝም አለ። ዝም ብሎ ቆየና «ምን ልናይ?» አለኝ።

ያንን «ምን ልናይ» አልረሳውም። አያቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቹም አልነበሩም። ሁሉም አደነ፣ ሁሉም እርሻውን ወደ ገደሉ ገፋ፣ ማንም ግን ለአጋዘኑ ምንም አልመለሰም። እንዲመልስም የጠየቀው አልነበረም። ለቤተ ክርስቲያን አሥራት ይሰጣል፣ ለመንግሥት ግብር ይሰጣል፣ ለዕድሩ ይከፍላል። ለበረሃው የሚከፈል ነገር ግን አልነበረም። እናም አደኑ ከአዳኙ ቀድሞ ሞተ። አጎቴ በሚያሰግርበት ወንዝ አፍ ላይ ይሄው ነገር ሲደገም እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም።

እስቲ የሩቅ አገር ምሳሌ ላምጣ። አሜሪካኖች በአንድ ወቅት አውሬያቸውን ሊጨርሱት ደርሰው ነበር። በፈረንጅ 1900 አካባቢ ያ ነጭ ጅራት የሚሉት አጋዘናቸው ግማሽ ሚሊዮን ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር ተብሎ ይገመታል። ያኔ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። በ1934 የውሃ ወፍ የሚያድን ሁሉ በዓመት አንድ ቴምብር እንዲገዛ አዘዙ፤ ዋጋው መጀመሪያ አንድ ዶላር ነበር። ገንዘቡ የሚሄደው ለወፎቹ ረግረግ መሬት መግዣ ነው፣ እስከ ዛሬም ከአንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ እዚያው ነው የሚውለው። በ1937 ደግሞ በአደን ጠመንጃና በጥይት ላይ ያለው ታክስ (ዛሬ 11 በመቶ ነው) በቀጥታ ለዱር እንስሳት እንዲሆን ሕግ ወጣ። በ1950 የዓሣ ማስገሪያ ዕቃውም እንደዚሁ ሆነ። ያ አጋዘን ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል ይባላል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያወራ ታክሱ ላይ ነው የሚያተኩረው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የ1937ቱ ሕግ ውስጥ አንድ ቁልፍ አለ። ከዚህ ገንዘብ ድርሻ የሚፈልግ ክፍለ ግዛት፣ አዳኞች ለፈቃድ የሚከፍሉትን ብር ለሌላ ነገር እንደማያውል አስቀድሞ በራሱ ሕግ ማሰር አለበት። መንገድ ልሥራበት፣ የሌላ መሥሪያ ቤት ደመወዝ ልክፈልበት ማለት የለም። የአውሬ ብር ለአውሬ ነው። አዳኙ ሳያጉረመርም የከፈለው ለዚህ ይመስለኛል፤ የከፈላት ብር ረግረጉ ላይ ወፍ ሆና ስትመለስ ያያታል።

በእኛም አገር ጭራሽ የለም አልልም። በባሌና በአርሲ የደጋ አጋዘን ለማደን የሚመጣ የውጭ ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ነው የሚያድነው፤ ከዚያም ድርሻው ወደ ክልልና ወደ አካባቢው ሕዝብ ይመለሳል ተብሎ ተደንግጓል። ጎጃም ውስጥ ግን አያቴ እንዳለው ነው፤ ምን ሊያይ ይመጣል? ለእኛ የቀረን ዓሣው ነው።

የአሜሪካውን እንዳለ ገልብጠን እንውሰድ ማለቴም አይደለም። እዚያ አዳኙ ለመዝናናት የሚያድን፣ ጠመንጃ የሚገዛበት ትርፍ ገንዘብ ያለው ነው። አጎቴን በመረብህ ላይ ታክስ ክፈል ብትለው የሚያደርገው ግልጽ ነው፤ በድብቅ የሚሸጠውን ርካሽ ስስ መረብ ይገዛል፣ ያ ደግሞ ጫጩት ሳይቀር ጠራርጎ የሚያወጣ ነው። እዚህ መክፈል ያለበት በላተኛው ነው። እኔ ነኝ። አርብና ረቡዕ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የዓሣ ጉላሽ የሚያዝዘው ነው፣ ለሽርሽር መጥቶ ጥብሱን ፎቶ የሚያነሳው ነው፣ በበረዶ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚልከው ነጋዴ ነው።

ሐሳቤ ይኸው ነው። ከአንድ ሳህን ዓሣ ላይ 5 ብር። ማን ያስተውለዋል? የለስላሳ መጠጥ ዋጋ ሲጨመርብን ዝም ብለን የምንከፍል ሰዎች ነን። ያ ብር የሚሰበሰበው ለሐይቁ በተቋቋመ ዕድር ነው። ዕድር ያልኩት አውቄ ነው። ዕድርን እናውቀዋለን፣ ዕድርም ያውቀናል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መዝገቡ በወር አንዴ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ያልከፈለ ይቀጣል፣ የበላ ይዋረዳል። ሦስት መቶ ሰው ለቀስተኛ ድንኳን የሚተክል ሕዝብ ለሐይቁ ሒሳብ መያዝ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ዳኛው አስጋሪ ይሁን፣ ገንዘብ ያዧ ዓሣ ሻጭ ትሁን፣ ምግብ ቤቶቹ ይግቡበት፣ ከደሴት ገዳማቱም አንድ አባት ይቀመጡ። የመንግሥት ሰው ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ ቁልፉን ግን አይያዝ።

ብሩ ምን ይሠራል? በመጀመሪያ ነሐሴን ይገዛል። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ መስከረም ማብቂያ ወንዝ አፍ ላይ የሚያሰግሩት ሰዎች ተመዝግበው መረባቸውን ያስረክቡና እህል ይወስዳሉ። ምጽዋት አይደለም። እናቲቱን ዓሣ ስላሳለፏት የሚከፈላቸው ደመወዛቸው ነው። የሰፈሩ ወጣቶች ደግሞ ወንዙን በፈረቃ ይጠብቁ፣ ይከፈላቸው፤ ብርብራ ወቃጩን ከወረዳ ከሚመጣ ሰው ይልቅ እነሱ ያውቁታል። የተረፈ ካለ ደንገሉ ይተከልበት። ዳርቻው ላይ ደንገል እየተነቀለ እርሻ ሆኗል፣ ቆሮሶም አምባዛም ጫጩታቸውን የሚደብቁበት እያጡ ነው፤ ታንኳ ሠሪውም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ የወንዙን ራስ ችግር አይፈታም፣ አውቃለሁ። ግልገል ዓባይ ክረምት ላይ ቡና መስሎ የሚመጣው የሰከላና የመራዊ አፈር ተሸክሞ ነው፤ ንጹሕ ጠጠሩን ደለል ያለብሰዋል። እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ገንዘብ የለንም የሚለውን ግን አልቀበልም። ለዓባይ ግድብ ቦንድ ያልገዛ ማን አለ? ሊስትሮው ገዝቷል፣ ተማሪው ከምሳው ቆርጧል፣ በ8100 መልእክት ያልላከ የለም። የዓባይን ግርጌ በኪሳችን ገደብን። የዓባይ ራስ ደግሞ እዚህ እጃችን ላይ ነው። እንቦጭ ጣና ላይ በወረደ ጊዜም እኮ ሰው ከየአገሩ እየመጣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፣ ገንዘብም አዋጥቷል። ልቡ አለ። የጎደለው መደጋገሙ ነው። እንቦጭ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፣ ዘመቻ ግን በዓመት አንዴ ነው። ሐይቅን እንደ ዕድር በየወሩ ካልከፈሉለት በዘመቻ አይድንም።

«ይበሉታል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይህን ስጋት አልንቀውም፤ እኔም በሕይወቴ ያዋጣሁት ብር የት እንደገባ ያላወቅሁባቸው ጊዜያት አሉ፣ ያንን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ለዚህ ነው ትንሽ ይሁን፣ ቅርብ ይሁን፣ የምንተዋወቅ እንሁን የምለው። ዘጌን እዩት። በዚያ ልሳነ ምድር በበሬ አይታረስም፣ ገዳማቱ የያዙት ሥርዓት ነው። ጫካው ዛሬም ቆሟል። የቆመው በግዝት ብቻ ነው ብዬ ግን አላስብም። ሰዉ ከጥላው ሥር ቡና ይለቅማል፣ ይሸጣል፣ ይኖርበታል። ጫካው ያበላዋል፣ እሱም ጫካውን አይነካም። አጎቴን በነሐሴ ያበላ ሐይቅ ካለ፣ አጎቴ ለዚያ ሐይቅ ዘብ ይቆማል።

ጥር ላይ ይህንን ለጓደኞቼ አወራሁ። ዘጠኝ ነን፣ ዕቁብ የምንጠጣ። አንዱ መምህር፣ አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ ሁለቱ ትንሽ ምግብ ቤት ያላቸው። ክርክሩ ሁለት እሑድ ፈጀ። መጨረሻ ላይ ከየዕቁቡ ዙር ትንሽ እየቀነስን ለየብቻ ማስቀመጥ ጀመርን፤ ሁለቱ ምግብ ቤቶችም ከየሳህኑ 5 ብሯን ጨመሩ። ጠረጴዛው ላይ ለምን እንደሆነ የሚናገር አንድ ወረቀት ለጥፈዋል። እስካሁን አልከፍልም ያለ አንድ ሰው አልገጠማቸውም። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ አንብበው ሲያበቁ 50 ብር ጥለው ሄዱ።

የተጠራቀመው ብር ለሦስት ቤት የክረምት እህል ይበቃል ብለን አሰላን። ሐይቁን አያድንም። ሦስት መረብ ነው፣ አንድ ወንዝ አፍ ላይ፣ አንድ ክረምት።

ለአጎቴ ስልክ ደወልኩ። ብዙ ጠየቀኝ። ማን ነው የሚሰጠው? መንግሥት ነው? ፓርቲ ነው? ለምን እኔን? ሁሉንም መለስኩለት። ከዚያ፣

«ጤፍ አልልም፣ በቆሎና ዳጉሳ ይበቃኛል» አለ። «ግን መረቡን አንተ ዘንድ ውሰደው። እቤቴ ካለ፣ ሌሊት ዓሣው ሲንጫጫ ስሰማ እጄ አያርፍም።»

ሁለቱ ጎረቤቶቹም እሺ ብለዋል። አንደኛው እህሉን ሳያይ እንደማይሰጥ ነግሮናል፣ ልክ ነው። ሰኔ 30 በቆሎውን አስጭነን ቁንዝላ እንሄዳለን። ባለቤቴ ከማድቤቱ ጎን ያለውን ጥግ ባዶ አድርጋለች፤ ሦስቱም መረብ እዚያ ይሰቀላል። ባሕር ዳር ዓሣ የምትሸጡ ካላችሁ፣ ያንን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ልልክላችሁ እችላለሁ።